ያየ ይመስክር

አያ ቸኮል መሞታቸውን የሰማሁት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቆሜ የማንኩሳን መኪና ስጠብቅ ነው። ከቡሬ የመጣ አንድ የማውቀው በርበሬ ነጋዴ ስለ ገበያው መጥፎነት ሲያማርረኝ ቆየና፣ «ያ ቀጥቃጩም ሞተ አሉ» አለኝ።

«ማን አየ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«መሞታቸውን ነዋ። አንተ አይተሃል? ቀብር ቆመሃል?»

«ሰው ሞተ ሲሉህ ነፍስ ይማር ነው የሚባለው፤ ምን ዓይነት ሰው ነህ» ብሎ ኩርፍ አለብኝ። እውነቱን ነው። ግን ያየ ሰው ካልነገረኝ አላምንም፤ ይህን አመል ያስያዙኝ ደግሞ ራሳቸው ሟቹ ናቸው። ማግስቱን ቡሬ ሄጄ፣ መቃብራቸውን በዓይኔ አይቼ፣ ሚስታቸውን እትየ ሙሉን ካጽናናሁ በኋላ ነው ነፍስ ይማር ያልኩት።

አያ ቸኮል ወደ ቡሬ ከመግባታቸው በፊት የእኛ ሰፈር ሰው ነበሩ። ሰፈራችን ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከመንገዱ በስተግራ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ የእሳት ፍንጣሪ የጣለው ጠባሳ ሽንብራ የተበተነበት ይመስላል። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ቸኩለው አያውቁም። «እንደምን አደሩ» ሲሏቸው እንኳ ወዲያው አይመልሱም፤ መጀመሪያ ሰውየውን ያዩታል፣ ከዚያ የመጣበትን መንገድ ያያሉ፣ ከዚያ «እግዜር ይመስገን» ይላሉ። ከኋላቸው ሰው ከመጣ መንገዱን ለቀው ያሳልፋሉ እንጂ አይቀድሙም። «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር» የምትለዋን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ያነሳታል፤ እሳቸው ግን እንደ ዳዊት ይደግሟት ነበር።

ምክንያት ነበራቸዋ። የብረት ሠሪ ልጅ ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ ብረት የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ይባላል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ርስት አይካፈልም፣ ልጅ አይዳርለትም፣ ጽዋ አይጠራም። አባታቸውም አያታቸውም በሰው መሬት ጠርዝ ላይ ጎጆ ቀልሰው ነው የሞቱት። ግን ያለ ብረት ሠሪ ማን ያርሳል? ስለዚህ አገሩ ዘዴ ነበረው። ማረሻው የዶለዶመበት ገበሬ መጥቶ፣ አጥራቸው ጥግ ካለችው የብሳና ዛፍ ሥር ብረቱን ያስቀምጥና፣ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ ዞር ብሎ ሳያይ ይሄዳል። በማግስቱ መጥቶ የተሳለውን ያነሳል፣ እህሉን በቦታው ያኖራል። ደጃቸውን የረገጠ የለም። ሲሠሩ ቆሞ ያየ የለም፤ ማን ዓይናቸው ውስጥ ሊገባ? ትናንት የተወለደ ልጅ ሳይቀር «አንተ ቸኮል» ነበር የሚላቸው።

የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ዘማች ተማሪዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። ዋርካው ሥር ሰበሰቡንና መሬት የሚያርሰው ሰው ሁሉ እንደሆነ፣ በዘር በሙያ መለየት እንደቀረ፣ ሰውን ቡዳ ብሎ መስደብም እንደሚያስጠይቅ ነገሩን። አገሩ አጉረመረመ። አያ ቸኮል እንደ ልማዳቸው ከሁሉም ኋላ፣ ከሰው ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ሌላም ሕግ ማውጣት ይችላል?»

«እንዴታ አባቴ፣ መንግሥት እኮ ነው» አለ አንዱ ዘማች።

«እንግዲያው ነገ የሚያወጣውን ሳላይ ዛሬ አልስቅም» ብለው ተቀመጡ። ዘማቹ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ያኔ መች ገባኝ።

መሬቱ በዕጣ ሲደለደል ግን ለአያ ቸኮል የወጣላቸው ወንዝ ዳር ያለው ለም መሬት ነበር፣ ከእኔ ጋር የሚዋሰነው። የሚወራውን ብትሰሙ። በዓይኑ ስቦት ነው ያለም ነበር። እሳቸው ግን ድንበሩን ሦስት ጊዜ ዞረው አዩት፣ አፈሩን አሸተቱት፣ ደስም አላላቸውም። አንድ ቀን እየጎለጎሉ ሲነግሩኝ እንዲህ አሉ፦ «ወንዶች ሲደባደቡ በሕግ አምላክ ከተባለ እጅ ይቆማል። አባቴን ሲደበድቡት በሕግ አምላክ ብሎ ነበር። የቆመ እጅ አላየሁም። ሕግ ጆሮ አለው፣ ግን የጠራው ማን እንደሆነ አይቶ ነው የሚሰማ።»

ከእሳቸው ጋር ያወዳጀኝ በሬ ነው። አንድ በሬ ነበራቸው፤ እኔም አንዱ ሞቶብኝ አንድ ቀርቶኝ ነበር። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ከእሳቸው ጋር የሚቀናጅ ግን ጠፋ። እኔም የጽድቅ ሰው ሆኜ አይደለም፣ ሌላ አጥቼ ነው የተቀናጀሁ። ሚስቴ አስናቀች ሰማይና ምድር ተገለባበጠባት። አባቷ «የልጄን ባል ቡዳ ሊጠምደው ነው» ብሎ ሽማግሌ ሊልክብኝ ምንም አልቀረው። በሬ ተቀናጅተን፣ ምሳዬን ግን ከቤቴ ይዤ እየመጣሁ ለብቻዬ ሾላ ሥር እበላ ነበር። አያ ቸኮል ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የራሳቸውን ይበላሉ።

አንድ ቀን እያረስን ሳለ በረዶ ወረደብን። እንዲያ ያለ በረዶ ከዚያ ወዲያ አላየሁም፤ በሬዎቹን ፈትተን ሮጥን፣ ቅርብ ያለው ደግሞ የእሳቸው ቤት ነበር። ሳላስበው ገባሁ። እትየ ሙሉ ልብሴን እሳት ዳር ሰቀለችልኝና የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ አቀረበች። ራበኝ። ወጥቼ ልሂድ ብል በረዶው አለ፤ አልበላም ብል ሰው ፊት ምን ይባላል። እጄን ሰደድኩ። አያ ቸኮል መጉረሱን ተዉ።

«ይብሉ እንጂ አያ» አልኳቸው።

ምን ብዬ እንደጠራኋቸው የታወቀኝ ካልኩ በኋላ ነው። እሳቸው ግን ቀና አሉ። «እርስዎ የሚለኝ ሰው የሚፈልገው ነገር አለ» አሉ። «ምንድን ነው የፈለግኸው?»

«ሽሮ» አልኳቸው።

እትየ ሙሉ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም፣ ግን ጎረሱ።

እውነቱን ልናገር፣ ቤቴ ስገባ ሆዴን እያዳመጥኩ ነው የገባሁት። አስናቀች ስትሰማ ጤና አዳም አሸተተችኝ፣ ነጭ ሽንኩርት አላመጠችኝ፣ ለሰው እንዳልናገርም አስማለችኝ። ለሳምንት ያህል ቁርጠት ስጠብቅ ሰነበትኩ። ምንም የለም። ከዚያ ወዲያ ሥራ በዋልን ቁጥር ቤታቸው እየገባሁ እበላለሁ፤ ግን በወንዙ በኩል ዞሬ፣ በጓሮ ነው የምገባው። የሚያየኝ እንዳይኖር። አያ ቸኮል ይህን ያውቃሉ፣ አንስተውትም አያውቁም። ልባቸው ውስጥ ምን እንደሚያስቡ ለማወቅ ግን ብዙ ደክሜያለሁ። አንዳንዴ ወዳጄ ናቸው እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ አንድ ቀን እንደምክዳቸው እየጠበቁ ነው እላለሁ።

የፈሩት ሕግ መጣ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጌታሁን የሚባል፣ ነገር ጠምጣሚ ሰው ነበር። ስብሰባ ጠርቶ፣ ከበላይ መመሪያ ወርዷል አለን። የእጅ ባለሙያ ቡሬ በሚቋቋመው ማኅበር ይደራጃል፤ መሬትም ሙያም መያዝ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ባለሙያ ሆኖ መሬት የያዘ መሬቱን ያስረክባል። ወረቀቱን ያየ የለም። ከበላይ ይውረድ ከጌታሁን ራስ ይውጣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የማውቀው ታናሽ ወንድሙ በዚያ ሰሞን ጎጆ መውጣቱንና ወንዝ ዳር ዳር ማለት ማብዛቱን ነው። ባለፈው አዋጅ ሰው በሙያው አይለይ ተብሎ ነበር፤ አሁን እንግዲህ በሙያው ተለየ።

አያ ቸኮል ከስብሰባው ሲመለሱ ወናፉንና ጉጠቱን ጓዳ አስገብተው ቆዳ አለበሱት፤ ለጠየቃቸው ሁሉ «እኔ አራሽ ነኝ፣ ብረት አላውቅም» ይላሉ። ሰው ግን ማረሻውን ከብሳናው ሥር ማስቀመጡን አልተወ፤ በማግስቱም ተስሎ ያገኘዋል። የሚቀጠቅጡት ነጎድጓድ ባለበት ቀን ብቻ ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ አያቸው ነበርና አውቃለሁ፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም መዶሻውን ያወርዳሉ፣ ሲያቆም ያቆማሉ።

«አያ፣ ለምን አይተዉትም?» አልኳቸው አንድ ጊዜ። «ቢይዙዎት መሬቱ መሄዱ ነው።»

«መሬቱ የመጣው አሁን ነው፣ ብረቱ ግን ከአያቴ ነው» አሉ። «ሁለቱንም ነው የምፈልግ። ጌታሁን በግ ያረባል፣ መሬት አለው፤ ማን ምረጥ አለው?»

ሚያዝያ ላይ ጌታሁን ከሰሳቸው። ፍርድ ሸንጎው እዚያው ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ዳኛው ነገር አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ፣ ከጌታሁን ጋርም ብዙ የማይዋደዱ። አገሩ ሁሉ መጥቷል፤ የአስናቀች አባትም ፊት ለፊት ዱላውን ተመርኩዞ ተቀምጧል። አያ ቸኮል ካላሸነፉ ዘር ሳይዘሩ መሬቱን ያስረክባሉ፤ ከዘር ማንዘራቸው ሁሉ የመጀመሪያው ባለ መሬት እሳቸው ነበሩ።

የመጀመሪያው ምስክር ቀረበ። «ማረሻዬን የሚስልልኝ እሱ ነው፣ አገር ያወቀው ነገር ነው» አለ።

አያ ቸኮል ተነሱ። «ማረሻህን ለማን ሰጠህ?»

«ብሳናው ሥር አስቀመጥኩ።»

«ለእኔ ሰጥተኸኛል?»

«ብሳናው ሥር ነው ያልኩህ።»

«ስስል አይተኸኛል? ቤቴ ገብተህ ወናፍ ስነፋ አይተሃል?»

«እኔ ምን በወጣኝ ቤትህ እገባለሁ» አለ ሰውየው፣ ልክ እንደተሰደበ። «ከአጥርህ አልፌ አላውቅም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀመጡ።

ሁለተኛው ምስክር የመዶሻ ድምፅ ሰምቻለሁ አለ። ዝናብ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት፣ ነበር አለ። ነጎድጓድስ ሲሉት፣ እሱም ነበር አለ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ሦስተኛው ደግሞ ገና ሳይጠይቁት፣ «ቤቱን አልረገጥኩም፣ ልጆቼ ይሙቱ» ብሎ ማለ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ሁሉ ሰው አያ ቸኮልን ሲጸየፍ ኖሮ፣ መጸየፉ ራሱ አፉን ዘጋው። አየሁ ካለ ደጃቸው ደርሷል ማለት ነው፤ ደጃቸው ደርሻለሁ ብሎ አማቱ ፊት የሚናገር ማን አለ?

ዳኛው ጢማቸውን አሹ። «በሰማሁ አይፈረድም» አሉ። «ያየ ይመስክር። ያየ ከሌለ መሬቱን እንደያዘ ይኑር።»

ጌታሁን ሰውን በዓይኑ ሲበረብር ቆይቶ እኔ ላይ አረፈ። «አዳነ» አለ፣ «ከእሱ ጋር ትዋሰናለህ፣ በሬ ትቀናጃለህ። ተነስና በዳኛው ፊት ተናገር። ቤቱ ገብተህ ታውቃለህ?»

ተነሳሁ። ገብቻለሁ ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ወናፉን አይተሃል ወይ ነው፤ መሬታቸው ሄደ። ስለዚህ ገብቼ አላውቅም ልል ነው። ለእሳቸው ስል ነው፣ ይህን በልቤ አውቃለሁ። ግን ከእኔ በፊት የተናገሩት ሦስቱም ያንኑ ቃል ነው ያሉት፤ የእኔ ቃል ከእነሱ ቃል በምን ይለያል? ወደ አያ ቸኮል አየሁ። ያን የጥርጣሬ ፊታቸውን ይዘው ትክ ብለው ያዩኛል። አማቴም ያየኛል። አፌን ከፈትኩ።

«ተው፣ አትመልስ» አሉ አያ ቸኮል።

ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ዳኛው ዞሩ። «ጌታዬ ዳኛ፣ ይህ ሰው ቤቴ ገብቶ ከመሶቤ በልቷል፣ ከዋንጫዬ ጠጥቷል። አንድ ጊዜ አይደለም። ሌላው ሁሉ ቤትህ አልገባሁም ሲል ደስ ብሎኛል፣ ለእኔ ነው የጠቀመኝ። ይህ ግን አልገባሁም ብሎ ከሚምል መሬቱ ይቅርብኝ። እኔ ብረት ሠሪ ነኝ። ያየኝም እሱ ነው።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞረው፣ «እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው» አልኩ። «በልቻለሁ። ቤታቸው የገባሁ ግን በጓሮ ነው።» ይህችን ማን ጠየቀኝ? ግን አልኳት። አማቴ ዱላውን አንስቶ ስብሰባውን ለቆ ሄደ።

መሬቱን እንዲያስረክቡ ተፈረደባቸው። ማግስቱን የጌታሁን ወንድም በሬ ይዞ ገባበት። እኔ አያ ቸኮል ፊት መቆም አቅቶኝ ስጠፋ፣ እሳቸው ቤቴ ድረስ መጡ፤ አስናቀች በር ላይ ቆማ ግቡም ውጡም ሳትል ቀረች። «አንተ ልታድነኝ እንደነበር አውቄያለሁ» አሉኝ። «ግን ቃሉ ከአፍህ ሊወጣ ሲል አንጀቴ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ ሲለው የኖረውን አንተም ልትለው። ሐሰት ቢሆንም መስማት አልቻልኩም።» ከዚያ ወናፍ የሚነፋላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩኝና ሄዱ።

ቡሬ ያለው የባለሙያ ማኅበር እስኪጠራቸው ድረስ እዚያው ከረሙ። ግን ወናፉንና ብረት የሚቀጠቅጡበትን መስፍ ከጓዳ አውጥተው፣ ግቢያቸው መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ ተከሉት። በሕግ ብረት ሠሪ ተብለዋል፤ ማንን ይፈራሉ? መዶሻው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማ ነበር። ግንቦት ገብቶ ዝናቡ ሲጥል አገሩ ማረሻውን እንደ ድሮው ብሳናው ሥር ኮለኮለ። በማግስቱ መጥቶ ሲያይ ማረሻው እንዳስቀመጠው ዶልዱሞ፣ ዝናብ ጠግቦ፣ ዝጎ ቆየው። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ።

«ቸኮል፣ ምነው?» ይላሉ ከአጥር ውጭ ሆነው።

«ለዛፍ ያስቀመጠ ዛፍ ይሳልለት» ይላሉ እሳቸው፣ ቀና ሳይሉ። «የእኔ ማረሻ የሚሳለው ቤቴ ገብቶ አንድ ዋንጫ ለጠጣ ነው። መንግሥት ሕግ ያወጣል፤ እኔም በግቢዬ አውጥቻለሁ።»

ሰው ተናደደ። ቡሬ ወስደን እናስላለን ብለው የሄዱ ነበሩ፤ እዚያም ወረፋው አያልቅም። ዘሩ እያለፈ ነው። እኔ ወናፉን እየነፋሁ ሁሉንም አያለሁ፤ አጥሩ ዳር ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ፣ መጀመሪያ የሚገባው ማን እንደሆነ። እኔ በበኩሌ ማንም አይገባም ነበር የምለው። በአንድ ሌሊት ሰው ይለወጣል ብዬ ያመንኩበት ቀን የለም።

መጀመሪያ የመጣው ጌታሁን ነው። ያ ወንዝ ዳር ያለው ለም አፈር በደረቀ ጊዜ ድንጋይ ነው፤ የወንድሙን ማረሻ እንደ ማንኪያ አዶልዱሞታል። ሁለት ማረሻ ታቅፎ አጥሩ ዳር ቆመ። «ቸኮል» አለ። መዶሻው አላቆመም። ጥቂት ቆይቶ፣ «አያ ቸኮል» አለ።

«ይግቡ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉት።

የቤቱ በር ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ገባ። እትየ ሙሉ ጠላ ቀድታ ሰጠችው። ዋንጫውን ይዞ ቆመ፣ ወደ ውጭ አየ፣ አጥሩ ዳር የቆሙት ሁሉ እሱን ያያሉ። አያ ቸኮል ጉጠቱን አስቀምጠው አጠገቡ መጡ። ማረሻውን ሊያቀብላቸው ሲዘረጋ እጃቸውን አልዘረጉለትም፤ ዓይናቸውን ጉሮሮው ላይ ተክለው ጠበቁት። የመጀመሪያው ጉንጭ ሲወርድ ካዩ በኋላ ነው የተቀበሉት።